የሱቅ ዱቤ ደብተርና የብራንድ ምርጫ፦ ይሄ ልማድ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የአባዶዋ፦
ሰላም ነው? የማስተርስ ጽሑፌ ላይ ተይዣለሁ። የካ አባዶ ከብሎካችን ሥር ያለ ባለሱቅ የደንበኞቹን ስም ደብቄ የዱቤ ደብተሩን እንድገለብጥ ፈቀደልኝ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ነው፤ ቀን፣ ዕቃ፣ ብር፣ ሲከፈል ደግሞ መስመር ይሰመርበታል። ዱቄት ሳሙናን ብቻ ወስጄ ቤቱ ባለፈው የገዛውን ብራንድ ሎጂት (ሰው ከብራንዶች የቱን እንደሚመርጥ የሚገምት የስታትስቲክስ ሞዴል) ውስጥ ሳስገባው ኮኤፊሸንቱ፣ ማለትም ያለፈው ግዢ በዛሬው ላይ ያለው ክብደት፣ ጣሪያ ነካ። አማካሪዬ «በቃ ልማድ ነው፣ ጻፊው» አሉኝ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምን ትላላችሁ?

ሎጂት በቡና፦
እኔም ብሆን አይዋጥልኝም። አንድ ቤት ዛሬ ሮል የሚባለውን ዱቄት ሳሙና የገዛው ባለፈው ሮል ስለገዛ ሊሆን ይችላል። ወይም ድሮም ሮል ስለሚወድ፣ ያለፈውም የዛሬውም ግዢ ከዚያው ፍላጎት ስለሚመነጭ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ቤት በአንድ ዓይን የሚያይ ሎጂት ሁለቱን መለየት አይችልም፣ የቤቶቹን ልዩነት ጠቅልሎ ልማድ ላይ ይቆልለዋል። ኢኮኖሚስቱ ሄክማን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ ገበያ ሲጽፍ ያነሳው ጣጣ ይሄው ነው።

የገበያ ተመራማሪዎቹ ጉዋዳኒና ሊትል በ1983 እ.ኤ.አ. በቡና ግዢ ላይ ሲሠሩ አንድ ያለፈ ግዢ ብቻ አልወሰዱም። ለየቤቱ የታማኝነት መለኪያ ሠሩ፦ የድሮው መለኪያ በ0.875 ይባዛል፣ አሁን ለተገዛው ብራንድ 0.125 ይጨመርለታል። መነሻ ይሆንሻል፣ ግን እሱም ፍላጎትንና ልማድን ቀላቅሎ ነው የያዘው። ሚክስድ ሎጂት የሚባለውን፣ ቤቶች በፍላጎት እንዲለያዩ የሚፈቅደውን ሞዴል ሞክሪ። የየቤቱ ዝንባሌ ይለያይ፣ ከዚያ ከልማዱ ምን እንደተረፈ እዪ። እጅሽን ለማፍታታት አር (R) በሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ባየስኤም (bayesm) የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ የ516 ቤተሰቦች የማርጋሪን ግዢ አለልሽ።

የሱቅ ልጅ፦
እኔ ለገጣፎ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግኩት። ሞዴሉን ለእናንተ ትቼ ስለ ደብተሩ ላውራ። ዱቤ የሚበዛው ደሞዝ ሲያልቅ ነው፤ ወሩ ሲገባ ሰው በካሽ ይገዛል፣ ወይ ገበያ ወርዶ በብዛት ይሸምታል፣ ያ ደብተር ላይ የለም። የተጻፈውም ዋጋ የተገዛው ዕቃ ብቻ ነው፣ ያልተገዛው በዚያ ቀን ስንት እንደነበር በምን ታውቂያለሽ? ደግሞ ስንቱን የሚገዛው ልጅ ነው! እናት «ሂድ ኦሞ አምጣ» ትላለች፣ ልጁም ኦሞ ይላል፣ ባለሱቁ እጁ የደረሰበትን ዱቄት ሳሙና ያቀብለዋል። ታዲያ ልማዱ የማን ነው? የቤቱ ነው ወይስ የባለሱቁ?

ሎጂት በቡና፦
ኧረ ይሄ ከእኔ መልስ ይበልጣል። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ዕቃ ይጠፋል አይደል? አንድ ብራንድ ከሱቁ ሲጠፋ ታማኙም ያልሆነውም ሳይወድ በግዱ ሌላ ይገዛል። ዕቃው ሲመለስ ማን ወደ ድሮው ተመለሰ፣ ማንስ በአዲሱ ቀረ? የተመለሰው ፍላጎቱ ነው የጎተተው፣ የቀረው ላይ ግን የልማድ ጥያቄሽ ነፍስ ይዘራል። በዚያ ሰሞን የጠፋውን ብራንድ ከምርጫዎቹ ዝርዝር ማውጣት እንዳትረሺ፣ ካለበለዚያ ሞዴሉ «አልፈለጉትም» ብሎ ያስባል።

የአባዶዋ፦
የጅምላ ደረሰኞቹን በፌስታል አስቀምጧል። ከሱ ዕቃ የጠፋበትን ቀን ማወቅ ይቻላል?

የሱቅ ልጅ፦
ደረሰኝ የሚነግርሽ ዕቃ የገባበትን ቀን ነው፣ መቼ እንዳለቀ አይነግርሽም። ማንም ቤት፣ ያ ሁሌ የሚገዛው እንኳ ሳይቀር፣ ያንን ብራንድ ያልወሰደበትን ሰሞን ፈልጊና ከደረሰኙ ጋር አስተያዪው። ከሁሉ በፊት ግን ደብተሩን ይዘሽ ባለሱቁ ጋ ቁጭ በይ። «ኦሞ» ብሎ የጻፈው የቱ እውነት ኦሞ እንደሆነ፣ የቱ ሮል እንደሆነ ይንገርሽ። ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ ጠዋት ዳቦ ስለሚያስወጣ አያናግርሽም።