የሐዋሳ ወተት አርቢ ሚቴንን እንዴት ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ዳርቻ ጥቂት የወተት ላሞች አረባለሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የዓለምን የሚቴን (ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ) ልቀት ከ2020 መጠኑ ቢያንስ በ30 በመቶ ለመቀነስ የተገባውን ዓለም አቀፍ ቃል ተቀብላለች። የእኔ ዓይነቱ አርቢ ድርሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ እበቱን ከውኃ ጋር ክፍት ጉድጓድ ውስጥ የሚያጠራቅሙ ከሆነ፣ አየር በማያገኘው ክፍል የሚፈጠረው ሚቴን ወደ ከባቢ አየር ይወጣል፤ ወደ ባዮጋዝ ማብላያ (እበቱ ያለ አየር የሚብላላበትና ጋዙ የሚጠራቀምበት ዝግ ጉድጓድ) ቢያስገቡት ግን ያው ጋዝ ለምግብ ማብሰያ፣ ዝቃጩም (እንሰት ካለዎት በተለይ) ለማዳበሪያ ይውላል።

ሌላ መልስ፦ በእኔ እምነት ከእበቱ ይልቅ መኖው ይቅደም፤ ምክንያቱም በአገራችን አብዛኛው የከብት ሚቴን መኖው ሆድ ውስጥ ሲብላላ ተፈጥሮ የሚወጣው በግሳት ነው። ከገለባ የተሻለ መኖ የምታገኝ ላም ለአንድ ሊትር ወተት የምትለቀው ጋዝ ያንሳል፤ የላሞቹ ቁጥር ከጨመረ ግን ጠቅላላው ልቀት ላይቀንስ ይችላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ እንግዲያው ከመኖው እጀምራለሁ።