«ቁጥር አይዋሽም»፦ ስልክ በአንቱቱ ነው የሚመረጠው ወይስ በእጅ ተነክቶ?

የአራት ኪሎዋ፦
ናቲ ትናንት የለጠፈውን ሠንጠረዥ ሁላችሁም አይታችሁታል። ሃያ ስልክ አንቱቱ በሚባለው የስልክ ፍጥነት መለኪያ አፕ ውጤት ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ከሥሩ «ቁጥር አይዋሽም» ብሎ ጻፈበት። ይህችን ቃል ከአራት ወር በፊት ከአንድ ስልክ ሻጭ ሰምቻታለሁ። ለእህቴ ልንገዛ ሄደን ሁለት ስልክ አቀረበልን። አንዱ በአንቱቱ 400 ሺህ ገደማ ነጥብ ያመጣል፣ ሌላው 260 ሺህ ገደማ። እህቴ ነካክታ የወደደችው ሁለተኛውን ነው። ሻጩ «ቁጥር አይዋሽም» አለና የመጀመሪያውን አስያዘን።

ባለፈው ቅዳሜ ሱፐርማርኬት አብሬያት ነበርኩ። በባንክ አፕ ልትከፍል ስትል የማረጋገጫ ኮድ በሜሴጅ መጣላት። ኮዱን አይታ ስትመለስ አፑ ከመጀመሪያው ተነሳ። እንደገና ፒን፣ እንደገና ኮድ። ሦስት ጊዜ! ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። እህቴ በሀፍረት አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ እኔ ከፈልኩ። ያ 400 ሺህ የት ሄደ? ናቲ መልስልኝ።

ናቲ ስፔክ፦
የደረሰባት ነገር ያናድዳል፣ ከልቤ ነው። ግን በቁጥሩ አታሳብቢ። ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ አፖችን ለጊዜው የሚይዘው፣ ስንት ጊጋ ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
4። የተውነው 8 ነበር።

ናቲ ስፔክ፦
መልሱ እሱ ነው እኮ። ወደ ሜሴጅ ስትሄድ ራሙ ጠበበውና የባንኩን አፕ ዘጋው። ፕሮሰሰሩ ምንም አላጠፋም። ቤንችማርክ፣ ማለትም እንደ አንቱቱ ያለ የፍጥነት ፈተና፣ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ሌላውን ቤንችማርክ ጊክቤንች 6ን እዩት፤ ፒዲኤፍ ይከፍታል፣ ድረ ገጽ ይጭናል፣ ፎቶ ያስተካክላል። የኛን የቀን ሥራ ነው የሚሠራው። ቁጥሩን ከጣልን በምን እንገዛለን? በሻጭ አፍ?

የአራት ኪሎዋ፦
«የሚለካው ሌላ ነገር ነው» ያልከው አንተ ነህ። ታዲያ ለምን «የስልኮች ደረጃ» ብለህ ትለጥፈዋለህ? «የፕሮሰሰር ደረጃ» በለው። እኛ እኮ ፕሮሰሰር ለብቻው አንገዛም።

ኮድ ጸሐፊው፦
ሠንጠረዡ ራሱ ችግር አለበት። ናቲ፣ ከላይ ያሉት አምስቱ በአንቱቱ ቨርዥን 10 የተለኩ ናቸው፣ ከታች ያሉት በ9። የሁለቱ ውጤት ጎን ለጎን አይቀመጥም። ያው ስልክ በ10 ሲለካ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። ደግሞ የአንቱቱ ጠቅላላ ድምር ውስጥ ጂፒዩ፣ የጌምና የምስል ሥራ የሚሠራው ክፍል፣ ትልቅ ድርሻ አለው። ጌም የማይጫወት ሰው የማይጠቀምበትን ነገር ነው የምትደምርለት።

ናቲ ስፔክ፦
የቨርዥኑን ተቀብያለሁ፣ አስተካክላለሁ። ዋናውን ነጥብ ግን አይነካም። በአንድ ቨርዥን፣ በአንድ ሁኔታ ከተለካ ቁጥር አይዋሽም።

የመርካቶው ጠጋኝ፦
ልጄ፣ እኔ ስልክ ስጠግን 17 ዓመቴ ነው። «በአንድ ሁኔታ» ያልካት ላይ ልቁም። በፈረንጆቹ 2013 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 4 ወጣ። የዚያኑ ዓመት አናንድቴክ የሚባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ መረመረው። ኤግዚኖስ በሚባለው የሳምሰንግ ቺፕ በሚሠራው ስልክ ላይ ጂፒዩው ቤንችማርክ ሲከፈት እስከ 532 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ተራ ጌም ሲከፈት ግን ከ480 አያልፍም። ስልኩ ፈተና ላይ መሆኑን አውቆ ነበር የሚሮጠው። ውስጡ «ቤንችማርክ ቡስተር» የሚል ስም ሳይቀር ተገኝቷል። ነገሩ አሜሪካን አገር ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2019 ሳምሰንግ ለገዢዎቹ እስከ 10 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ዋሽቶ ነበር ወይስ አልዋሸም?

ሳምሰንግ እስከ መጨረሻው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማጭበርበር ሲነሳ ሁሌ ሳምሰንግ የሚጠራው ለምንድን ነው? በ2018 ሁዋዌ ፒ20 ተይዟል፣ ስሪዲማርክ ከሚባለው ቤንችማርክ ዝርዝርም ተሰርዟል። ኦፖም በዚያው ዓመት ተሰርዟል። ዋን ፕላስ 9 በ2021 ክሮምን ጨምሮ ብዙ የሚከፈቱ አፖችን ከፈጣኑ የፕሮሰሰር ክፍል አርቆ ተገኝቷል። ቤንችማርኮቹን ግን አልነካም። ሁሉም ያደረገውን አንድ ድርጅት ላይ መለጠፍ ፍትሕ አይደለም።

የመርካቶው ጠጋኝ፦
ሳምሰንግን አልጠላም፣ የምይዘው እሱን ነው። በ2022 ግን ያው ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ። ጌም ኦፕቲማይዚንግ ሰርቪስ የሚሉት፣ የአፖችን ፍጥነት የሚቀንስ ነገር። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አፖች ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ቤንችማርኮቹ ግን አልነበሩበትም። ጊክቤንችም ከኤስ 10 እስከ ኤስ 22 ያሉትን ዋና ዋና ሞዴሎች ከሠንጠረዡ አወጣ። ያልተጻፈ አላወራሁም።

ሳምሰንግ እስከ መጨረሻው፦
ስልኩ እንዳይግል ብሎ ያደረገው ነው። ቅሬታ ሲነሳ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ማሻሻያ ለቋል። እሱንም ይጻፉ።

አይፎን 11 ያላት፦
ለዚህ ነው አይፎን የያዝኩት። አፕል እንደዚህ አይነት ነገር ውስጥ የለበትም። አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አሁንም አይንቀራፈፍም።

ኮድ ጸሐፊው፦
እህቴ፣ በፈረንጆቹ 2017 የሆነውን ረሳሽው? ባትሪያቸው ያረጀ አይፎን 6፣ 6ኤስ እና 7 በሶፍትዌር ፍጥነታቸው ተቀንሶ ነበር። አፕል አመነ። ባትሪው ሲደክም ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለ። ለባለቤቶቹ ግን አስቀድሞ በግልጽ አልነገረም። የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ፈረንሳይ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። በዚያ መሀል ስንቱ «ስልኬ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ገዝቷል።

ናቲ ስፔክ፦
ቆይ ቆይ! ይሄን በሰፊው በቁጥር ማን አሳየ? ይሄን ጥያቄ ሁላችሁም መልሱልኝ። የጊክቤንች መሥራች ጆን ፑል ነው። የብዙ ሺህ አይፎን ውጤት ሰብስቦ በሶፍትዌር ቨርዥን ለያየው። በአሮጌው ሶፍትዌር ውጤቶቹ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበዋል። ከማሻሻያው በኋላ ዝቅ ያሉ ሌሎች ክምሮች ብቅ አሉ። በእጅ የሚነካካ ሰው «ስልኬ የዘገየ መሰለኝ» ብሎ ዝም ይላል። ሻጩም «አርጅቷል፣ ቀይሪው» ይላታል። ያን ሁሉ ሰው ያዳነው ቁጥር ነው። ለዚህ ነው አይዋሽም የምለው፣ ለዚህም ነው የምከራከርለት።

የአራት ኪሎዋ፦
ይሄኛው ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድህም። ግን ሰውየው ያደረገውን ልብ በለው። አዲስ ስልክ ለመሸጥ አይደለም የለካው። የቆየ ስልክ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ያንተ ሠንጠረዥ ውስጥ የቆየ ስልክ የታለ? ሁሉም ከካርቶን በወጣ ቀን የተለካ ነው። ባዶ ሚሞሪ (ፎቶና አፕ የሚቀመጥበት)፣ አዲስ ባትሪ፣ የቀዘቀዘ ስልክ። የእህቴ ስልክ 64 ጊጋ ነው። ቴሌግራም ብቻውን ግማሹን ይዞታል።

ሹፌሩ፦
ሙቀቱን ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። እኔ በአፕ ነው ታክሲ የምሠራው። ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ዳሽቦርድ ላይ ነው፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቷል፣ ማፑ ክፍት ነው፣ ዳታ ክፍት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። 7 ሰዓት ላይ ጥሪ ሲመጣ «ተቀበል» የምትለውን ተጭኜ እጠብቃለሁ። ሲሰማኝ ጥሪው ለሌላ ሰው ሄዷል። በአንቱቱ ከጓደኛዬ ስልክ እጥፍ ነው የሚያመጣው። የሱ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ከኔ ይሻላል። ያጣሁት ጥሪ ለኔ የልጆቼ እራት ነው።

ከሪያድ፦
እዚህ ደግሞ በሐምሌ ወር ውጭ 45 ዲግሪ ይሆናል። አፕል ራሱ አይፎንን ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ እንዳትጠቀሙ ይላል። ከሱቁ እስከ መኪናው ስሄድ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ካሜራውም ይጎተታል። በኤሲ ክፍል የተለካ ቁጥር ለኛ ብዙም አይነግረንም።

ናቲ ስፔክ፦
ሹፌር ወንድሜ፣ ለዚህም መለኪያ አለ። ስሪዲማርክ ውስጥ ስትረስ ቴስት የሚባል አለ። አንድን ፈተና 20 ጊዜ ሳያቋርጥ ይደግመዋል። ከሁሉ በተሻለው ዙርና ከሁሉ ዝቅ ባለው መካከል ስንት ልዩነት እንዳለ ያሳይሃል። ስናፕድራገን 888 የሚባል ፕሮሰሰር ያላቸው ስልኮች እንዴት እንደሚግሉ ብዙ ሰው ያወቀው እንዲህ በተደጋገመ ፈተና ነው። ይሄም ቁጥር ነው እንግዲህ።

ሹፌሩ፦
ጥሩ ነገር ነው። አንድም ሻጭ ግን ያን አላሳየኝም። አንተም አልለጠፍከውም።

የመርካቶው ጠጋኝ፦
ስለ ሚሞሪው እኔ ልጨምር። ስልክ ከፍቼ ሳይ ሁለት ዓይነት አገኛለሁ። ኢኤምኤምሲ እና ዩኤፍኤስ። አፕ ስትከፍቱ፣ ፎቶ ስታገላብጡ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ፣ የምትጠብቁት ብዙውን ጊዜ እሱን ነው። ኢኤምኤምሲ በአንድ ጊዜ ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል። ዩኤፍኤስ ሁለቱንም አብሮ ይሠራል። ርካሽ ስልክ ሳጥን ላይ የትኛው እንዳለ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። 64 ወይም 128 ብቻ ነው የሚጻፈው። በላዩ ላይ ሚሞሪው ጢም ሲል ይብስበታል። የሚመጣልኝ ሰው «ፕሮሰሰሩ ሞተ» ይለኛል። እኔ የማደርገው የቴሌግራሙን ኮተት ማጽዳት ነው። ስልኩ ነፍስ ይዘራል።

አይፎን 11 ያላት፦
«8 ጊጋ ራም፣ 4 ሲደመር 4» ተብሎ የሚሸጠውስ? የወንድሜ ሳጥን ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ኮድ ጸሐፊው፦
ሁለተኛው 4 እውነተኛ ራም አይደለም። ከሚሞሪው ላይ ተቆርሶ እንደ ራም የሚያገለግል ቦታ ነው። ሚሞሪ ከራም በጣም ይዘገያል። ያ ሚሞሪ ኢኤምኤምሲ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ።

ናቲ ስፔክ፦
በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ገዢን ማሳሳት ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
እሱም እኮ ቁጥር ነው ናቲ። 8 ይላል። ሳጥኑ ላይ ታትሟል። የእህቴም ሳጥን ላይ እንዲሁ አለ፣ አሁን አውጥቼ አየሁት። 4 ሲደመር 4።

ናቲ ስፔክ፦
ያ ማስታወቂያ ነው፣ ልኬት አይደለም። እኔ ስለ ልኬት ነው የማወራው።

የአራት ኪሎዋ፦
ገዢው ልዩነቱን በምን ይወቅ? ሻጩ ሁለቱንም በአንድ አፍ ነው የነገረን። «8 ራም ነው፣ 400 ሺህ ያመጣል፣ ቁጥር አይዋሽም።» እህቴ ሒሳብ አጥንታለች፣ ቁጥር አትፈራም። ቁጥሩን ስላመነች ነው የገዛችው። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በእጇ የተሰማት ትክክል ነበር፣ ቁጥር አምጥተው ዝም አሰኟት።

ሳምሰንግ እስከ መጨረሻው፦
በእጅ መነካካትም እኮ ያታልላል። 120 ኸርዝ ስክሪን፣ ማለትም ምስሉን በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚያድስ፣ ያለው ስልክ ገና ስትነካው ፈጣን ይመስላል። ውስጡ ያው ደካማ ሊሆን ይችላል። ዴቨሎፐር ኦፕሽን የሚባለው ድብቅ ሴቲንግ ገብቶ የአኒሜሽኑን ጊዜ ወደ 0.5 ያወረደ ሻጭ ሱቅ ውስጥ ማንንም ያሳምናል። ፕሮሰሰሩ ግን አንዲት ነጥብ አልጨመረም።

አይፎን 11 ያላት፦
ፈጣን ሆኖ ከተሰማኝ ለኔ ፈጣን ነው። ሌላ ምን ልፈልግ?

ሳምሰንግ እስከ መጨረሻው፦
በ2017 ያልተሰማሽን ነገር ያወቅሽው ግን በቁጥር ነው። ናቲ ነግሮሻል።

አይፎን 11 ያላት፦
የኔ 11 ነው፣ 6 አይደለም። ስለ ስልኬ ከኔ በላይ አታውቅም።

የመርካቶው ጠጋኝ፦
ልጆች፣ አትጣሉ። እኔ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለውን ልንገራችሁ። ሱቅ ውስጥ ቢቻላችሁ ሲማችሁን ክተቱ። ካሜራውን ክፈቱ፣ ከዚያ ቴሌግራም፣ ከዚያ ማፕ፣ ከዚያ ወደ ካሜራው ተመለሱ። ያቆማችሁበት ከጠበቃችሁ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ከተነሳ ግዢውን ተዉት። በአማርኛ ኪቦርድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ፊደሉ ከጣታችሁ ኋላ ከቀረ አትውሰዱት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ናቲ ስፔክ፦
ጋሼ፣ ያሉት ጥሩ ነው። ግን አዲስ ስልክ ላይ ሁሉም ያልፋል፣ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አያሳይም። የእህቷ ስልክም ያን ቀን ያልፍ ነበር።

የአራት ኪሎዋ፦
አያልፍም። ያን ቀን ካሜራ ከፍታ ስትመለስ ሙዚቃው ተቋርጦ ነበር። ለዚህ ነው ያልወደደችው። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለመዳል» ያላት ሻጩ ነው።

ሹፌሩ፦
እንዲህ ከሆነ እጇ ከአንቱቱ ቀድሞ አውቆታል።

ናቲ ስፔክ፦
አንድ ስልክ ነው። በአንድ ስልክ ሁሉን አትፍረዱ።

የአራት ኪሎዋ፦
እህቴ ያላት ያው አንዱ ነው ናቲ።

የመርካቶው ጠጋኝ፦
ስልኩን ይዘሽልኝ ነይ። አጽድቼ፣ የማያስፈልገውን አጥፍቼ እሰጥሻለሁ። ራም ግን መጨመር አይቻልም፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።

ናቲ ስፔክ፦
ሠንጠረዡን ማታ አወርደዋለሁ። በአንድ ቨርዥን አድርጌ፣ ራሙንና የሚሞሪውን ዓይነት ጨምሬ፣ የ20 ዙሩን ውጤት ያገኘሁለትን ስልክ ከነሱ ጋር አድርጌ መልሼ እለጥፈዋለሁ። ከሥሩ ያለችውን ጽሑፍ ግን አላነሳትም።

የአራት ኪሎዋ፦
አንሳት። ነገ ሌላ ሻጭ ስክሪንሾት አድርጎ ለሌላ ሰው እህት ያሳያታል።

ናቲ ስፔክ፦
አላነሳትም። እውነት ናት።

ሹፌሩ፦
የ20 ዙሩን መጀመሪያ ለጥፍ። እሱን እየጠበቅኩ ነው።