ሰኞ ሆቴል ሥራ የሚጀምሩ ልጆች አሉኝ፣ መታወቂያ የላቸውም። እባካችሁ ድረሱልኝ!

ማሂ ፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አምስት የጎዳና ልጆችን ስናሠለጥን ቆይተናል። አልጋ ማንጠፍ፣ ትሪ መያዝ፣ ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ እንግዳ መቀበል። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል አነጋግሯቸው አምስቱንም ተቀበለ። ሰኞ ጠዋት ጀምሩ ተባሉ። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት የሆቴሉ የሰው ኃይል ኃላፊ (ኤችአሯ) ደውላ "የቀበሌ መታወቂያ፣ ዋስና የጤና ምርመራ ወረቀት ካላመጡ አልቀበልም" አለችኝ። ወረዳ ስንሄድ ደግሞ የቤት ቁጥር አምጡ፣ መሸኛ አምጡ ነው የሚሉን። የሚያድሩበት በረንዳ የቤት ቁጥር የለውም! ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም። ምን ላድርግ?

ልጅ አራዳ፦
ፋይዳ፣ ዲጂታል መታወቂያውን፣ አስወጪላቸው። አለቀ።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ ሥራሽ የተባረከ ነው። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የሆቴል ሙያ ትሪ መያዝ ብቻ አይደለም። ሰዓት ማክበር ነው፣ ንጽሕና ነው፣ የተቆጣ እንግዳ ፊት ዝም ማለት ነው። በእኛ ጊዜ የካቴሪንግና ቱሪዝም ማሠልጠኛ ተማሪ ቢላና ሹካ ከመንካቱ በፊት አቋቋም ይማር ነበር። አሁን ቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለው ማለቴ ነው። እነዚህ ልጆች ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው፣ ተፈትነዋል? በደረጃ ያልተመዘነ ልጅ ዛሬ ቢገባም ዕድሜ ልኩን እቃ ማጠቢያ ላይ ይቀራል። ቸኩሎ ከማስገባት ደህና አድርጎ ማሠልጠን ይሻላል። ወጣቱ ሁሉ ነገር ዛሬውኑ ይሁን ይላል፣ ሙያ ግን በትዕግሥት ነው የሚገኘው።

ማሂ ፒያሳ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ አመሰግናለሁ። ሲኦሲ አልተፈተኑም። ግን ሰኞ ነው ቀኑ። ይህ ዕድል ካመለጣቸው ሁለተኛ አያምኑኝም።

ኤችአር ነበርኩ፦
ማሂ፣ ሆቴል ውስጥ ሰው ስቀጥር ኖሬያለሁ፣ አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ነኝ። ኤችአሯ "ቀበሌ መታወቂያ" ያለችው ከልማድ ነው። የምትፈልገው ሰውዬው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሕጋዊ ነገር ነው። ለውሉ፣ ለጡረታ ምዝገባውና ለባንክ። ባንኮች ደግሞ አሁን አዲስ አካውንት ለመክፈት ፋይዳ ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ አሁኑኑ ደውይና "ፋይዳ ይበቃል ወይ?" በያት። አትለማመጫት፣ እንደ ባልደረባ አናግሪያት።
ዋሱ ይከብዳል። ሆቴል ዋስ የሚፈልገው እቃ ይጠፋል ብሎ ስለሚፈራ ነው። መጀመሪያ ገንዘብና ሚኒባር የማይነኩበት ቦታ ይመድቡልሽ። ላውንደሪ፣ ስቲዋርድ (የኩሽና እቃ ማጠብ)፣ የሎቢና የኮሪደር ጽዳት። ከዚያ "ዋሱን በሙከራ ጊዜው ውስጥ እናሟላለን" የሚል ደብዳቤ ጻፉና ፈርሙ። አምስቱን ልጆች የሚያውቅ ደመወዝተኛ ሰው ፈልጉ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ሰው። አንድ ሰው ለአምስቱም ዋስ ይሁን ካላችሁ የሚፈርም አታገኙም።

ቤቲ ሜክሲኮ፦
ፋይዳ ያዋጣል። በነጻ ነው።

ማሂ ፒያሳ፦
ፋይዳውም እኮ የልደት ካርድ ወይም ቀበሌ መታወቂያ ይፈልጋል አይደል? ምንም ወረቀት የላቸውም።

ዮኒ ለገሃር፦
አይደለም። ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ይመዘገባል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ 1284/2015 ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው የወጣው። ምስክሩ ራሱ ፋይዳ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ አብሮም በአካል ይሂድ። ነገ አርብ በጠዋት ኢትዮ ቴሌኮም ሂዱ። የአሥሩን ጣት አሻራ፣ ዓይንና ፊት ያነሳሉ። ስማቸውንና የትውልድ ቀናቸውን ዛሬ ማታ ከእያንዳንዳቸው ጋር ተቀምጠሽ በወረቀት ጻፊው። የተሳሳተ ስም ማስተካከል በኋላ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስልክም ይዘው ይሂዱ፣ ቁጥሩ የሚመጣው በቴክስት ነው። ቁጥሩ እስከ ሰኞ ካልደረሰ ሲመዘገቡ የሚሰጣቸውን ወረቀት ለኤችአሯ አሳዪያት።

ልጅ አራዳ፦
እኔስ ምን አልኩ? ፋይዳ! በነገራችን ላይ ከልጆቹ አልጋ አሳምሮ የሚያነጥፍ ካለ አንዱን እኔ ቤት ላኪልኝ፣ ሚስቴ ከማንኛውም ሱፐርቫይዘር ትብሳለች። ለጤናው ግን ኤችአሯን የትኛውን ምርመራ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ አስልኪያት። ሳታውቂ ከሄድሽ ሁለቴ ትከፍያለሽ። የሰገራ ምርመራ አይቀርም፣ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ትላትል ከተገኘ አትደንግጪ፣ መድኃኒት ወስደው ድጋሚ ይታያሉ።

ሕግ አንባቢ፦
ዕድሜያቸው ስንት ነው? ማንም አልጠየቀም።

ማሂ ፒያሳ፦
አራቱ ከ18 በላይ ናቸው። አንዷ 17 ናት። ኤችአሯ ለሁሉም የማታ ሽፍት ነው የሰጠቻቸው።

ሕግ አንባቢ፦
እንግዲያው የልጅቷን ሽፍት አስቀይሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ሰው ወጣት ሠራተኛ ነው። መቀጠር ይችላል። ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የበዓል ቀን ሥራም እንዲሁ። ሆቴል ደግሞ በበዓል ነው የሚበዛበት፣ ስለዚህ ቀድመሽ ተናገሪ።
ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ሙከራ ላይ ያለ ሰው ደመወዙ ይከፈለዋል። "መጀመሪያ በነጻ ልምድ ይቅሰሙ" ካሉ እሺ አትበዪ።

ከበረንዳ፦
እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ችግሩ መታወቂያው አይመስለኝም። መታወቂያው በሳምንትም ቢሆን ይወጣል። እኔ ለገሃር ጎዳና ላይ ነው ያደግሁት። ዛሬ ኩሽና ውስጥ ኩክ ነኝ። አብረውኝ ሥራ ከጀመሩት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሳያዩ ነው የወጡት። ስንፍና አልነበረም።
ደመወዝ የሚመጣው በወር መጨረሻ ነው። እስከዚያ ምን ይበላሉ? የሠራተኛ ምግብ ሥራ ባለበት ቀን ብቻ ነው፣ በዕረፍት ቀን ጾም ነው። ነጭ ሸሚዝ በረንዳ ላይ እያደረ ነጭ ሆኖ አይቆይም። የማታ ሽፍት ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲለቅ ታክሲ የለም፣ በእግር ሄደሽ ደግሞ የድሮ ጓደኞችሽ መሃል ነው የምትገቢው። የሚሳበው ማስቲሽ እዚያው ነው። ጠዋት ዓይንሽ ቀልቶ ስትገቢ ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ያይሻል፣ ሁለቴ ያይሻል፣ በሦስተኛው ያባርርሻል። ፒያሳም ካዛንቺስም በልማቱ ከፈረሱ ወዲህ እኛ የምናውቃቸው ርካሽ አልጋዎችም አብረው ሄደዋል።
ስለዚህ ሆቴሉን ሦስት ነገር ለምኚ። ሎከር፣ ከሥራ በፊት ሻወር፣ የጠዋት ሽፍት። ልብሱ እዚያው ይታጠብ፣ እዚያው ይደር። ለልጆቹ ደግሞ ሁለት ክፍል ተከራዩላቸው፣ ለሴቶቹ ለብቻ። አንድ ወር ብቻ። ለዩኒፎርም ያሰባሰባችሁት ብር ካለ ወደዚህ አዙሩት። የምግብ ገንዘቡን በየሁለት ቀኑ ስጧቸው፣ በአንዴ አትስጡ። ወረቀቶቻቸውን ፎቶ አንስተሽ ያዢ፣ ጎዳና ላይ ኪስ ይፈተሻል። ከየት እንደመጡም ለሠራተኛው ሁሉ አይነገር። ኤችአሯና አንድ አለቃ ካወቁ ይበቃል። አንድ ማንኪያ በጠፋ ቁጥር ሁሉም ወደ እነሱ እንዳያይ።

ጋሽ መምህር፦
ይሄ ልጅ ልክ ነው። እኔ የተናገርኩት ስለ ሙያው ነበር፣ ማደሪያውን አላሰብኩትም። ማሂ፣ አንዱን ልጅ እኔ ለፋይዳ እመሰክርለታለሁ። መጀመሪያ ግን አስተዋውቂኝ፣ የማላውቀውን ልጅ አውቀዋለሁ ብዬ አልምልም።

ማሂ ፒያሳ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ። ኤችአሯን አሁን አናገርኳት። ፋይዳ ይበቃል አለች! የልጅቷን ሽፍት ጠዋት ታደርገዋለች። የቀሩትን ግን "ማታ ነው ሰው የጎደለኝ" ብላ አልተቀበለችኝም። ሎከሩን እጠይቃለሁ ብላለች። ዋስ አሁንም ትፈልጋለች። ሦስት ሰው አግኝተናል፣ ሁለት ይቀረናል። ክፍሉን ልፈልግ እየወጣሁ ነው።

ከበረንዳ፦
ማታ ከሆነ ሰርቪስ መኪና ካላቸው ጠይቂ። ባይኖር እንኳ የቀሩት አራቱ በአንድ ሰዓት ወጥተው አብረው ይሂዱ፣ ማንም ብቻውን አይሂድ። ሙከራ ላይ ያሉት እንግዳ ሂሳብ ላይ ከሚጨመረው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይካፈሉ እንደሆነም ጠይቂያት። አንዳንድ ቤት አይሰጥም፣ ልጆቹ ሲያውቁት ተናደው ይወጣሉ። ቀድመው ይወቁት።

ኤችአር ነበርኩ፦
ለአንዱ ዋስ እኔ እሆናለሁ። የደመወዝ ደብዳቤዬን ነገ ከመሥሪያ ቤቴ አወጣለሁ። እኔም እንደ ጋሽ መምህር ልጁን ላግኘው፣ ነገ ምሳ ሰዓት ስታዲየም ይመቸኛል።

ቤቲ ሜክሲኮ፦
ማሂ፣ ሰኞ እንዴት ሆነ? ሁሉም ገቡ?

ዮኒ ለገሃር፦
እኔም እየጠበቅሁ ነው። ፋይዳው ላይ ችግር ከገጠማችሁ ጻፊ።

ልጅ አራዳ፦
ጥቁር የቆዳ ጫማ 41 ቁጥር አለኝ፣ ብዙም አልተለበሰም። ከልጆቹ የሚሆነው ካለ ንገሪኝ፣ ፒያሳ አመጣዋለሁ።