ጎበዝ ተመራማሪ ፕሬዚዳንት ይሁን ወይስ ላቦራቶሪው ውስጥ ይቆይ?

ባለማኪያቶው፦ ትናንት አምስት ኪሎ ቁጭ ብለን የጀመርነው ክርክር ስላላለቀ እዚህ አመጣሁት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ «ፕሬዚዳንቱ ምን ዓይነት ሰው ይሁን?» የሚለው የቡና ወሬ ብቻ አይደለም። እኔ ምርጥ የምህንድስና ተመራማሪ አይሾም ባይ ነኝ። ላቦራቶሪው ባዶውን ይቀራል፣ ቢሮውም የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሽቦዋ፦ በጭራሽ! ቻርለስ ቬስትን ውሰድ። ሜካኒካል መሐንዲስ ነበር፣ ጥናቱም በሌዘርና በሆሎግራፊ (በብርሃን በሚቀረጽ ባለሦስት ገጽታ ምስል) መለካት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2004 የአሜሪካውን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲን መራ። በ2001 ኤምአይቲ የኮርስ ማስታወሻዎቹን በነፃ ኢንተርኔት ላይ እለቃለሁ ሲል ፕሬዚዳንቱ እሱ ነበር። ዶርም ውስጥ በፍላሽ የተቀባበልነው የሰርኪዩት ሌክቸር ከየት የመጣ መሰለህ?

ባለማኪያቶው፦ ግማሹን ዘለልሽው። ሰውየው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የምህንድስና ዲን፣ ቀጥሎ ፕሮቮስት፣ ማለትም የትምህርቱ ዋና ኃላፊ፣ ሆኖ ነው ኤምአይቲ የገባው። እኛ ጋ ትናንት የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ያፈጠጠ ሰው ዛሬ የተማሪ ካፌ የሽንኩርት ጨረታ ፊቱ ይቀርባል።

ሲሚንቶ፦ የኔን ስሙኝማ። ግቢውን አልጠራም። አድቫይዘሬ ተሾሙ፣ እኛም እልል አልን። ከዚያ ቴሲሴን ይዤ ፀሐፊዋ ጋ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ባለፈው ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። ቆመው ግራፉን አዩና «ይሄ መስመር ለምን ከዜሮ አይነሳም?» አሉኝ። ለካ የኃይል መለኪያውን፣ ሎድ ሴሉን፣ ዜሮ ሳላደርግ ነው ናሙናውን የጎተትኩት! ሁለት ወር ያፈጠጥኩበት ግራፍ ነው እኮ። ተጨማሪ ልጠይቅ ስል ስብሰባ ተጠሩ።

ሽቦዋ፦ ያ ዓይን እኮ ነው ቢሮው ውስጥም የሚፈለገው! ለአንዲት ሴንሰር ሦስት ፕሮፎርማ ለቅሞ ወራት የጠበቀ ሰው ነው የግዢውን ጣጣ የሚያውቀው። ሌላው «መመሪያው ነው» ብሎ ያልፍሻል።

ባለማኪያቶው፦ የታመመ ሁሉ ሐኪም ይሆናል ማለት ነው?

ሽቦዋ፦ ታሞ የማያውቀውስ?

ጋሼ ጠመኔ፦ ልጆች፣ ስለ ሙያው ብዙ አትጨቃጨቁ። አንድሪያስ እሸቴ የፍልስፍና ሰው ነበሩ። ሰባ በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የተባለው ግን እሳቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በሚመሩበት ጊዜ ነው። የመንግሥት ፖሊሲ ነበር፣ ወንበሩ ላይ መሐንዲስ ቢቀመጥም ይመጣ ነበር። እኔ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዤ ጠመኔ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፕሬዚዳንቱ ራሱ መወሰን የሚችለው ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ።

ባለማኪያቶው፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ራስ ገዝነቱ እሱን ይቀይረዋል ተብሎ አይደል? እንግዲያው ትንሽ ልለሳለስ። ተመራማሪው ይሾም፣ ግን የሹመቱ ደብዳቤ ላይ ላቡንና ተማሪዎቹን ማን እንደሚረከብ አብሮ ይጻፍ። በቃል ሳይሆን በስም።

ሽቦዋ፦ እሱን እኔም እፈርማለሁ። በሳምንት ግማሽ ቀን ላብ ይግባ የሚለውንም ጨምርበት።

ባለማኪያቶው፦ ግማሽ ቀኑን ስብሰባ ይበላዋል፣ ታያለሽ። ሲሚንቶ፣ ለመሆኑ ቴሲሱ ተፈረመ?

ሲሚንቶ፦ ሐሙስ ና ተብያለሁ። ፀሐፊዋ አሁን ስሜን ሳልነግራት ታውቀዋለች።