ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ጊዜ የምትጮኸው የግድግዳ ሰዓት ምን ይሻላታል?

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ጀርመን ደርሰው ሲመለሱ፣ ከእንጨት የተፈለፈለችና በየሰዓቱ ወፍ ከመስኮቷ ብቅ እያለች «ኩኩ» የምትልባት የግድግዳ ሰዓት ይዘውልን መጡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ጊዜ ስለምትጮህ አያቴ «ይቺ ወፍ ቁጥር አልተማረችም» እያሉ ይስቃሉ። የባሰው ግን ጥቂት ሠርታ ቀጥ ማለቷ ነው። መላ የሚያውቅ ቢነግረን ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ እንዲህ ያሉት ሰዓቶች የሚታወቁት በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ባለው በሽቫርትስቫልት ደን አካባቢ ነው። የምትቆመው ልክ ወፏ ልትጮህ ስትል ከሆነ፣ ለጉዞ ሲባል መስኮቷን የቆለፈው ቀጭን ሽቦ ሳይነሳ ቀርቶ ይሆናል፤ ወፏ መውጫ ስታጣ መላው ሰዓት ይቆማል። በማንኛውም ደቂቃ የምትቆም ከሆነ ግን አሰቃቀሏን እጠረጥራለሁ። ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ምቷን ያዳምጡ፤ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር የሚል ከሆነ፣ እኩል እስኪሆን ድረስ የሰዓቷን ግርጌ በጥቂቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያስጠጉ። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ምስማሩ እንጨቱን ያግኝ፤ በሰንሰለቱ የተንጠለጠሉት የጥድ ፍሬ መሳይ ብረቶች ቀላል አይደሉም።

መልስ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ወፏስ ቆጠራዋን አልሳተችም። ፈረንጅ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት፣ እኛ ደግሞ ከንጋት ስለምንጀምር ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ረጅሙን ቆጣሪ ወደፊት ብቻ ስድስት ዙር ያዙሩት፤ በየግማሽና በየሙሉ ሰዓቱ ላይ ግን ቆም ብለው ወፏን ጩኸቷን ያስጨርሷት፤ አለበለዚያ ጩኸቷና ቆጣሪው ይለያያሉ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሽቦው ነበር! አሁን ትሠራለች፣ ነገር ግን ወደፊት ትሮጣለች፤ ሌሊትም አያቴን ትቀሰቅሳለች።

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ የምትወዛወዘው ዘንግ ላይ ያለችውን ቅጠል ትንሽ ወደ ታች ያንሸራትቷት፤ ፍጥነቷ ይቀንሳል። ሰንሰለቱ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ መሳብ አለበት፤ ይህ እንደ ሞተሯ ዓይነት ይለያያል። ለሌሊቱ ደግሞ ጎኗን ወይም ሥሯን ይፈትሹ፤ ድምፅ የሚዘጋ ትንሽ ማንሻ ያላቸው ብዙ ናቸው።