ዲዮኒሶስና ከሞት በኋላ ያለው ሕይወት፦ ማስረጃው የት ነው?

ጥያቄ፦ የግሪኮች የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ሁልጊዜ የሚነሳው ከስካርና ከቲያትር ጋር ነው። ተከታዮቹ ሕይወት ከሞት በኋላ ይቀጥላል ብለው ያምኑ እንደነበር የሚያሳይ ከዘመኑ የተገኘ ነገር አለ?

መልስ 1፦ አለ፤ ከመቃብር የወጡ፣ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ስስ የወርቅ ቅጠሎች። በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሂፖኒዮን፣ በአንዲት ሴት ደረት ላይ ታጥፎ የተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ገደማ የተጻፈ ነው። ለሟቿ መንገድ ይመራል፦ በስተቀኝ፣ ነጭ ጥድ አጠገብ ወዳለው ምንጭ አትቅረቢ። አልፈሽ ሂጂ፤ ከትውስታ ሐይቅ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስሳል። ጠባቂዎቹ ሲጠይቁሽ የምድርና የባለ ከዋክብቱ ሰማይ ልጅ መሆንሽን፣ በጥም መድረቅሽንም ንገሪያቸው። መጨረሻው የባኮስ (የዲዮኒሶስ ሌላ ስም ነው) ምሥጢር ተካፋዮች የሚሄዱበት ቅዱስ መንገድ ነው።

መልስ 2፦ ለጥያቄህ የበለጠ የሚቀርቡት ግን በግሪክ፣ ቴሳሊያ ውስጥ ፔሊና ላይ በአንዲት ሴት መቃብር የተገኙት ሁለቱ ቅጠሎች ናቸው። የተቆረጡት በአይቪ ሐረግ ቅጠል ቅርጽ ነው፤ ይህ የአምላኩ ተክል ነው። «አሁን ሞትሽ፣ አሁን ተወለድሽ» ይላሉ፤ ባኮስ ራሱ እንደፈታት ለሙታን ዓለም ንግሥት ለፐርሴፎኔ እንድትነግር ሟቿን ያዟታል፤ ወይንም ክብሯ ይሆናል። በጥቁር ባሕር ዳር፣ ኦልቢያ በተገኘ የአጥንት ሰሌዳ ላይም «ሕይወት ሞት ሕይወት» ተቀርጿል፤ ከሥሩ የዲዮኒሶስ ስም በአጭሩ አለ።

መልስ 3፦ ቅጠሎቹን አንድ ወጥ መጽሐፍ አድርጋችሁ አታንብቧቸው። በደቡብ ኢጣሊያ፣ ፔቴሊያ የተገኘው ቅጠል ምንጩን በስተግራ ያደርገዋል። የሰው ልጅ ከቲታኖች (ሕፃኑን ዲዮኒሶስን በልተው ዜውስ በመብረቅ ካቃጠላቸው ጥንታውያን አማልክት) አመድ ተፈጠረ የሚለውን ታሪክ ደግሞ አንዳቸውም አይተርኩትም፤ በግልጽ የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ኦሊምፒዮዶሮስ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።