ባዶ ሪፖርትና ዜሮ ሪፖርት፦ የተለየ ሁኔታ ያለበት አገር እንዴት ይገመገማል?

የመንዙ (መሐል ሜዳ)
ሰላም ቤቶች። በወረዳ የበሽታ ቅኝት ላይ ነው የምሠራው። ለቅዳሜ ክፍል የማቀርበው ርእስ ደርሶኛል፦ የተለየ ሁኔታ ያለባቸው አገሮች ለጤና ድንገተኛ አደጋ ያላቸው ዝግጁነት እንዴት ይገመገማል?

የዓለም ጤና ድርጅት ጄኢኢ (የጋራ የውጭ ግምገማ) የሚሉት የአገሮች ዝግጁነት መመዘኛ 19 ዘርፎች አሉት። እያንዳንዱ መለኪያ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያገኛል። 1 ቀይ፣ 2 እና 3 ቢጫ፣ 4 እና 5 አረንጓዴ። እስከዚህ ገብቶኛል።

ያልገባኝ ይሄ ነው። እኛ ጋ ኔትወርክ በጠፋ ሳምንት ከጤና ኬላዎቹ ሪፖርት አይመጣም። ዜሮ ማለት ፈልገን በሽታ አጣን ማለት ነው። ባዶ ማለት ግን ጭራሽ ያየ ሰው የለም ማለት ነው። አንዴ አንድ አለቃ «ባዶውን ዜሮ ሙላውና ላክ» አለኝ። ሞላሁት። ሠንጠረዡ አማረ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን በእግሯ ደርሳ ቀበሌዋ ኩፍኝ መግባቱን ነገረችን።

እንግዲህ ጦርነት ያለበት አገር፣ ደሴት የሆነ፣ ወይ አንድ ከተማ የሚያህል፣ ሁሉም በዚሁ መለኪያ ይመዘናል?

ጥቁር ቡና (ደብረ ብርሃን)
መለኪያው ያው ነው ወንድሜ። የሚለያየው ማን ከማን ጋር እንደሚገመገም ነው። ሊክተንስታይንን ውሰድ። ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ታስከነዳታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ከስዊዘርላንድ ጋር አብራ ነው የተገመገመችው፤ ብዙ ነገሯ በጎረቤቷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዛንዚባር ደግሞ የታንዛኒያ አካል ሆና የራሷ ጤና ሚኒስቴር አላት። ዋናው ምድር በ2016፣ እሷ በ2017 ለየብቻ ተገመገሙ። ስለዚህ መጀመሪያ «ነገር ሲመጣ የሚወስነው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ።

ነጥብ ማወዳደሩን ግን ተወው። በ2019 የወጣ አንድ ሌላ የዓለም የጤና ደህንነት መለኪያ አሜሪካን አንደኛ አድርጎ ነበር። ኮቪድ መጣና ያየነውን አየን።

ሲስተር ቆላ (ሸዋ ሮቢት)
እኔ ደግሞ ስለ ልምምድ ልበል። ጄኢኢ በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ግዴታው አገሮች በየዓመቱ ስለ ራሳቸው የሚልኩት ሪፖርት ነው። ከእነሱ ሌላ የማስመሰል ልምምድ አለ፣ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ግምገማም አለ። እንደኛ መንገድ ለሚዘጋበት ቦታ እነዚህ ሁለቱ ይሻሉኛል። በወባ ሰሞን «ፈጣን ምላሽ ቡድን አላችሁ?» ተብለን «አለን» አልን። ስም ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስንደውል ሁለቱ ተዛውረዋል፣ የአንዷ ስልክ አይሠራም። ወረቀቱን ያየ ሰው ግን አረንጓዴ ነበር የሚሰጠን።

የመንዙ
ሲስተር፣ ይሄንን ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ፣ ስም ሳልጠራ። ጥቁር ቡና፣ ዛንዚባር ጥሩ ምሳሌ ናት፣ አመሰግናለሁ። ግን ባዶውን ባዶ አድርጌ ከላክሁ የሪፖርት ምሉዕነታችን (መምጣት ካለበት ሪፖርት የመጣው ድርሻ) ከ80 በመቶው ግብ በታች ይወርዳል። ስብሰባ ላይ ደግሞ ስማችን ይነሳል።

ጥቁር ቡና
ይውረድ። ዳር ላይ «ኔትወርክ የለም» ብለህ ጻፍበት፤ እሱም መረጃ ነው።

ሲስተር ቆላ
ወንድሜ፣ ያቺን የኩፍኝ ሳምንት ዜሮ ግን አርማችኋታል?